ከተማሪዎች ድግስ እስከ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ፦ የአጊኮን ጉባኤ ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ የአንድ ተማሪ ጥያቄ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህ ተማሪ ለመጀመሪያ ዲግሪ ማሟያ የሚሆነውን የጥናት ርእስ ይዞ ወደ ቢሮዬ መጣ። ሊያጠና የፈለገው በአማርኛ ጋዜጦችና መጽሔቶች ላይ አልፎ አልፎ ብቅ የሚሉትን የሳይንስ ልቦለዶች ነበር። ርእሶች በሚጸድቁበት ስብሰባ ላይ አንድ ባልደረባ «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው፤ ከበድ ያለ ነገር ይምረጥ» አሉ፤ ጉዳዩም በዚሁ ተዘጋ። አማካሪው እኔ ነበርሁና መከራከር ይገባኝ ነበር። አልተከራከርሁም። ውሳኔውን ስነግረው ተማሪው አልተቆጣም፤ «ለመሆኑ ከበድ ያለውንና ቀለል ያለውን የሚመዝነው ማን ነው፣ መምህር?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።

ጥያቄው እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። የአንድ ዘውግ ክብር ከየት ይመጣል? ብዙዎቻችን ሳናስተውለው የምንይዘው መልስ ይህን የሚመስል ነው፦ ሐያስያን አንድን የጽሑፍ ዓይነት መርምረው ዋጋ ይሰጡታል፤ ቀጥሎ የትምህርት ክፍሎች በሥርዓተ ትምህርታቸው ያስገቡታል፤ ከዚያ ቤተ መጻሕፍት ይሰበስቡታል። እኔም የማስበው እንዲህ ነበር። ይህን ሐሳቤን ያናጋብኝ በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ስሙ እምብዛም በማይነሣ ግቢ ውስጥ የበቀለ የአንድ ጉባኤ ታሪክ ነው። ጉባኤው በአሜሪካ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በ1969 የጀመሩት «አጊኮን» የተባለው የሳይንስ ልቦለድ ወዳጆች ጉባኤ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባለ በስተቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቴክሳስን በዓይኔ አላየሁም፤ የማውቀውን የማውቀው ከንባብ ነው። ሆኖም የሩቁ ታሪክ የቅርቡን ያሳየኛልና ላቀርበው ወደድሁ።

በቅድሚያ «ጉባኤ» የሚለው ቃል በሳይንስ ልቦለድ ዓለም ውስጥ ምን ማለት እንደ ሆነ ማየት ያስፈልጋል። ከሉክሰምበርግ ወደ አሜሪካ የተሻገረው አሳታሚ ሁጎ ገርንስባክ በኤፕሪል 1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን መጽሔት ማውጣት ጀመረ። መጽሔቱ ሙሉ በሙሉ ለዚህ ዘውግ የተሰጠ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ መጽሔት ነበር። ገርንስባክ የአንባቢዎችን ደብዳቤ ሲያትም የጸሐፊውን ሙሉ አድራሻ ጨምሮ ያወጣ ነበር። ነገሩ ተራ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን ተራ አልሆነም። አንባቢዎቹ አሳታሚውን አልፈው እርስ በርሳቸው መጻጻፍ ጀመሩ፤ ክበብ አቋቋሙ፤ በማባዣ የሚባዙ የራሳቸውን ትንንሽ መጽሔቶች አዘጋጁ። ቀጥሎ ፊት ለፊት መተያየት አማራቸው። በኦክቶበር 1936 ጥቂት የኒው ዮርክ ወጣቶች ባቡር ተሳፍረው በፊላደልፊያ ያሉትን ብጤዎቻቸውን ጎበኙ፤ በጃንዋሪ 1937 በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ሌሎች ተሰበሰቡ፤ ከእነዚህም አንዱ ያን ጊዜ ገና ወጣት የነበረው አርተር ሲ. ክላርክ ነው። በጁላይ 1939 ደግሞ የመጀመሪያው «ዓለም አቀፍ» ጉባኤ በኒው ዮርክ ተካሄደ። በዚህ ጉባኤ ላይ ስድስት ወጣቶች በቡድን ጠብ ምክንያት ከበር ተመልሰዋል፤ ከተመለሱት መካከል በኋላ ታላላቅ ደራስያንና አርታዒያን የሆኑት ዶናልድ ወልሃይምና ፍሬደሪክ ፖል ይገኙባቸዋል። መቼም እንዲህ ያለ ነገር ከየትኛውም የሥነ ጽሑፍ ማኅበር ታሪክ አይጠፋም።

እንግዲህ ይህ ጉባኤ ጥናታዊ ወረቀት የሚነበብበት ስብሰባ አይደለም። ለእኛ ለማስረዳት የሚቀለኝ ከጽዋ ማኅበር ጋር በማነጻጸር ነው። በዓመት አንድ ጊዜ በተወሰነ ወቅት የሚመጣ ነው፤ ተሰብሳቢዎቹ በአብዛኛው የሚተዋወቁ ናቸው፤ አዘጋጁ ተረኛ ደጋሽ ነው፤ ደራሲው ደግሞ የክብር እንግዳ ሆኖ ከአንባቢዎቹ ጋር ይቀመጣል፣ አብሮ ይበላል፣ ይከራከራል። ሐያሲ በመካከል የለም። ለሐያሲነት ላጠና ሰው ይህ ትንሽ የሚከነክን ነገር ነው።

ዩኒቨርሲቲዎቹ በዚያን ጊዜ የት ነበሩ? ባጭሩ፣ በሩቅ ነበሩ። በ1947 ጄ. ኦ. ቤይሊ የተባለው መምህር የዘውጉን ታሪክ የሚመረምር አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1958 የአሜሪካ የዘመናዊ ቋንቋዎች ማኅበር በኒው ዮርክ ባደረገው ዓመታዊ ስብሰባ ስለ ሳይንስ ልቦለድ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የውይይት ጊዜ ተሰጠ፤ በቀጣዩ ዓመት በኦሃዮ የዉስተር ኮሌጅ መምህር ቶማስ ክላረሰን «ኤክስትራፖሌሽን» የተባለውን የጥናት መጽሔት ጀመረ። እነዚህ ሁሉ የግለሰቦች ድፍረት ውጤቶች ናቸው። ተማሪዎች ግን በማኅበር መንቀሳቀስ የጀመሩበት ስፍራ ነበር። በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የሚማሩ ወጣቶች በ1949 የሳይንስ ልቦለድ ማኅበር መሥርተው መጽሐፉንና መጽሔቱን በራሳቸው መሰብሰብ ጀመሩ። የወደፊት መሐንዲሶች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

የቴክሳሱም ግቢ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ተቋሙ በ1876 ሲከፈት የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ ነበር፤ «አጊ» የሚለው የተማሪዎቹ መጠሪያም የመጣው «እርሻ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ነው። ለብዙ ዘመን የወንዶች ብቻ ትምህርት ቤት ነበር፤ ተማሪው የደንብ ልብስ ለብሶ፣ በሰልፍ ሄዶ፣ እንደ ዕጩ መኮንን የሚያድርበት ነበር። ይህን ሥርዓት የለወጡት ራሳቸው ወታደር የነበሩት ፕሬዚዳንት ኧርል ረደር መሆናቸው የታሪክ ምጸት ነው። ረደር በ1944 በኖርማንዲ የባሕር ዳርቻ ገደል ቧጠው የወጡትን የአሜሪካ ሬንጀሮች የመሩ ሰው ናቸው። በእርሳቸው ዘመን፣ በ1963፣ ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ተባለ፤ በዚያው ዓመት ሴቶች በተወሰነ ደረጃ እንዲገቡ ተፈቀደ፤ በ1965 ደግሞ በወታደራዊው ጓድ አባል መሆን በፈቃደኝነት ሆነ። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ቆይቶ አጊኮን ተወለደ።

ብዙ ሰው ለዚህ ልደት ሌላ ምክንያት ማቅረብ ይቀናው ይሆናል። 1969 አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ ያረፈበት ዓመት ነው፤ የበረራው መቆጣጠሪያ የነበረበት ሂዩስተንም ከዩኒቨርሲቲው ከተማ ከኮሌጅ ስቴሽን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። ሆኖም ጨረቃ ብቻዋን ጉባኤ አታቆምም። ተማሪ ድግስ የሚደግሰው የራሱ የሆነ ምሽት ሲኖረው ነው። በሰልፍ የሚያድር ተማሪ ምሽቱ የእርሱ አይደለም። ስለዚህ የእኔ ግምት ከጨረቃው ይልቅ ወደ 1965ቱ ውሳኔ ያደላል።

ጉባኤውን ያዘጋጀው «ሴፌይድ ቬርየብል» የተባለ የተማሪዎች ክበብ ነው። ስሙን ያገኘው ብርሃኑ በተወሰነ ጊዜ እየደመቀና እየደበዘዘ ከሚመላለስ የከዋክብት ዓይነት ነው። ለዓይነቱ መጠሪያ የሆነችው ኮከብ ከአምስት ቀን ብዙም ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ደምቃ ትደበዝዛለች፤ ይህንም በ1784 የመዘገበው ጆን ጉድሪክ የተባለ መስማት የተሳነው ወጣት ነው። በ1912 ሄንሪዬታ ሌቪት በእነዚህ ከዋክብት የድምቀት መጠንና የምልልስ ጊዜ መካከል ያለውን ዝምድና አሳየች፤ በዚህም የሰማይ ርቀት መለኪያ ተገኘ። በ1923 ኤድዊን ሃብል ከእነዚህ ከዋክብት አንዱን በአንድሮሜዳ ውስጥ አግኝቶ አንድሮሜዳ ከእኛ የከዋክብት ስብስብ ውጪ ያለች ሌላ ዓለም መሆኗን አረጋገጠ። ከጉዳዬ ትንሽ ብወጣ አንባቢ ይቅር ይለኛል፦ ኮከቧ የምትገኝበት ኅብረ ኮከብ ሴፌዎስ ይባላል፤ ሴፌዎስ ደግሞ በግሪኮች አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው፤ አንድሮሜዳም ልጁ ናት። በርግጥ የጥንት ግሪኮች «ኢትዮጵያ» የዛሬዋን አገራችንን ለይታ የምትጠራ ስም አይደለችም፤ ቢሆንም በቴክሳስ ሜዳ ላይ የተቋቋመ የተማሪዎች ክበብ ስሙን ሳያውቅ ከ«ኢትዮጵያ ንጉሥ» መዋሱን ሳልናገር ማለፍ አልሆነልኝም።

ጉባኤው ለብዙ ዓመታት የተካሄደው በዩኒቨርሲቲው የመታሰቢያ የተማሪዎች ማእከል ውስጥ ነው። ሕንጻው በጦርነት ለወደቁ የዩኒቨርሲቲው ልጆች መታሰቢያ ስለ ሆነ የሚገባ ሁሉ ባርኔጣውን ማውለቅ ልማድ ነው። የጠንቋይ ቆብ ወይም የጠፈር ተጓዥ የራስ ቁር ደፍቶ ለሚመጣ እንግዳ ይህ ልማድ ምን ያህል እንደሚያስቸግር መገመት አያዳግትም። በዚያ ጣሪያ ሥር ደራስያን ንግግር ያደርጋሉ፤ የፓናል ውይይት ይካሄዳል፤ ፊልም ይታያል፤ ሥዕል ለጨረታ ይቀርባል፤ የአሮጌና የአዲስ መጻሕፍት ገበያ ይቆማል፤ ማታ ደግሞ ከልቦለድ ገጸ ባሕርያት የተቀዱ አልባሳት ትርዒት አለ።

የሥራው ሸክም በሙሉ የተማሪዎች መሆኑ ነው አጊኮንን የሚለየው። በአሜሪካ በተማሪዎች ከሚመሩት የዚህ ዓይነት ጉባኤዎች ሁሉ አንጋፋው እንደ ሆነ ይነገርለታል። አንጋፋ መባሉ ቀላል ነገር አይደለም። ተማሪ በአራት ዓመት ይመረቃል፤ በጀት መያዝን፣ ከደራሲ ጋር መጻጻፍን፣ የእንግዳ ማረፊያ መከራየትን ሥራዬ ብሎ ሲለምድ የመሰናበቻው ቀን ይደርሳል። የዘንድሮው ሊቀ መንበር ለከርሞው ተተኪ ያወቀውን ሁሉ ካላስረከበ ነገሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ይሞታል። የእኛን የየግቢውን የሥነ ጽሑፍ ክበባት ዕድሜ የሚያውቅ ሰው ይህ ርክክብ ለብዙ አሥርት ዓመታት እንደ ዘለቀ ሲሰማ ሊደነቅ ይገባዋል።

ስለ መጀመሪያዎቹ ዓመታት እስከ ዛሬ የሚተረት አንድ ነገር አለ። «ዴንጀረስ ቪዥንስ» የተሰኘውን የአጫጭር ልቦለዶች መድበል በ1967 ያዘጋጀው ደራሲ ሃርላን ኤሊሰን ወደዚያ ግቢ ተጋብዞ ሄዶ ወታደራዊውን ጓድ በነገር ወጋ፤ ከዚያም የምግብ መወራወር ተከተለ ይባላል። ወሬው ሲቀባበል የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ሌላ ነው። የቬትናም ጦርነት በጋለበት ዘመን፣ ዕጩ መኮንን በሚመላለስበት ግቢ፣ ተሳዳቢነቱ የታወቀ ደራሲ የተጋበዘው ስለ ልቦለድ ነው። ልቦለዱ የልጆች ጨዋታ ነው ተብሎ ስለ ተናቀም የሚጠብቀው ዘበኛ አልነበረም። ንቀት አንዳንድ ጊዜ ነጻነት ይሰጣል።

እስከዚህ ያለው የድግስ ታሪክ ነው። ድግስ ደግሞ ያልፋል፤ በማግሥቱ የሚቀረው ተጠራርጎ የሚጣል ወረቀት ነው። የቴክሳሱን ታሪክ ለሥነ ጽሑፍ አጥኚ ቁም ነገር ያደረገው በዚያው ግቢ ወረቀት የማይጥል ሰው መኖሩ ነው።

ሃል ደብልዩ. ሆል በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የሚሠራ ባለሙያ ነበር። ከ1970 ጀምሮ በየዓመቱ በሳይንስ ልቦለድ መጻሕፍት ላይ የተሰጡ አስተያየቶች የት የት እንደ ወጡ የሚያመለክት ማውጫ ማዘጋጀት ጀመረ። በ1975 ከ1923 እስከ 1973 ያለውን ግማሽ ምእተ ዓመት ያጠቃለለ አንድ ትልቅ ጥራዝ አሳተመ፤ በ1987 ደግሞ ስለ ዘውጉ ከ1878 እስከ 1985 የተጻፉ ጽሑፎችንና መጻሕፍትን የሚዘረዝር ሌላ ሥራ አወጣ። ቆይቶም ይህ ሁሉ ማንም በነጻ ሊጠቀምበት በሚችል የኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ውስጥ ገባ።

የማውጫን ሥራ ሠርቶ የማያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ላይገረም ይችላል። እኔ ግን ለማስተርስ ዲግሪዬ የአንድን ጋዜጣ የሥነ ጽሑፍ ዐምድ የስድስት ዓመት እትም ገጽ በገጽ ስፈልግ ሦስት ወር አልቆብኛል፤ ዓይኔም መነጽር የለመደው ያን ጊዜ ነው። ሆል የዘረዘራቸው መጽሔቶች አብዛኞቹ ማንም ቤተ መጻሕፍት አስቀምጦ የማያውቃቸው ናቸው። የሚታተሙት ከእንጨት በሚሠራ ርካሽ ወረቀት ላይ ነው፤ ወረቀቱ አሲድ አለበት፤ ዓመት በጨመረ ቁጥር ቢጫ ይሆናል፣ ጠርዙ ይፈረፈራል፣ በመጨረሻ ሲነኩት እንደ ደረቅ እንጀራ ይሰባበራል። የተነበበ መጽሔት ወደ ቆሻሻ ነው የሚሄደው። ይህን ለቅሞ፣ ቀኑንና ቁጥሩን መዝግቦ፣ አሲድ በሌለው ሣጥን ውስጥ ማስቀመጥ ምንም ሐተታ የማይጻፍበት ሥራ ነው። ግን የሌለ ነገር አይጠናም። አንድ ሐያሲ ስለ 1930ዎቹ የሳይንስ ልቦለድ የፈለገውን ያህል የረቀቀ ንድፈ ሐሳብ ቢኖረው፣ የ1930ዎቹ መጽሔት ከሌለ ንድፈ ሐሳቡን የሚያሳርፍበት መሬት የለውም።

ስብስቡ ዛሬ የሚገኘው በዚያው ዩኒቨርሲቲ በኩሺንግ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ጉባኤውና ስብስቡ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን አደጉ፤ ለጉባኤው የመጣ ደራሲ የራሱንና የጓደኞቹን የተረሱ ሥራዎች በመደርደሪያ ላይ በክብር ተቀምጠው ያያል። የዚህ ዋነኛ ምሳሌ ጆርጅ አር. አር. ማርቲን ነው። ማርቲን ለመጽሔት አዘጋጆች ደብዳቤ በመጻፍ የጀመረ፣ ከአንባቢነት ወደ ደራሲነት የተሸጋገረ ሰው ነው፤ ለአጊኮን እንግዳም ነበር። ረቂቆቹንና ወረቀቶቹን ለዚህ ቤተ መጻሕፍት መስጠት የጀመረው በ1993 ነው። ይህን ዓመት ልብ ማለት ያሻል። ዓለም ያወቀው «የዙፋኖች ጨዋታ» በመጽሐፍ የወጣው በ1996 ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የአንድን ዝነኛ ደራሲ ወረቀት አላሳደደም፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ዝነኛ የሚሆነውን ሰው ወረቀት ተቀበለ። በ2015 የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አምስት ሚሊዮንኛ መጽሐፉን ሲቀበል ያን መጽሐፍ የለገሰው ማርቲን ነበር፤ መጽሐፉም በ1937 የታተመው የቶልኪን «ዘ ሆቢት» የመጀመሪያ እትም ነው። በእርሻና በመካኒክ ኮሌጅነት የተጀመረ ተቋም አምስት ሚሊዮንኛ መጽሐፉ አድርጎ በአደባባይ ያከበረው የድንክና የዘንዶ ተረት መሆኑን ሳነብ ያ «የልጆች ጨዋታ» ያሉት ባልደረባዬ ትዝ አሉኝ።

ጉባኤው ደራሲ መጋበዝ ብቻ ሳይሆን ደራሲም አብቅቷል። ማርታ ዌልስ በዚያው ዩኒቨርሲቲ አንትሮፖሎጂ ስታጠና የክበቡ ሰው ነበረች፤ 17ኛውን አጊኮን በሊቀ መንበርነት መርታለች። የመጀመሪያ ልቦለዷ በ1993 ታተመ። ከዚያ ወዲያ ብዙ መጻሕፍት አሳትማ፣ ለተወሰነ ዓመታትም ገበያው ፊት ነሥቷት፣ በ2017 «ኦል ሲስተምስ ሬድ» የተባለውን አጠር ያለ ልቦለድ አወጣች፤ ለዚህ ሥራዋም ሁጎና ኔቡላ የተባሉትን ሁለቱን የዘውጉን ታላላቅ ሽልማቶች አገኘች። የታሪኩ ተራኪ ከጌቶቹ ቁጥጥር በስውር ራሱን ያላቀቀ፣ ትርፍ ጊዜውን ተከታታይ ድራማ በማየት የሚያሳልፍ የጥበቃ ማሽን ነው። ማሽኑ ሰው መሆን አይፈልግም፤ እንዲተዉት ነው የሚፈልገው። ስለ ተራኪ አንጻር የሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ቢፈልግ በቀላሉ የሚያገኝ አይመስለኝም።

ይህን ሁሉ ካልሁ በኋላ ነገሩ በየስፍራው እንዲሁ ነው እንዳልል የሚከለክሉኝ ምሳሌዎች አሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሪቨርሳይድ መጀመሪያ የመጣው መደርደሪያው ነው። ጄ. ሎይድ ኢተን የተባሉ ሐኪም ያሰባሰቧቸውን ወደ 7,500 የሚጠጉ መጻሕፍት ዩኒቨርሲቲው በ1969፣ ልክ አጊኮን በተጀመረበት ዓመት፣ ገዛ፤ በስብስቡ ዙሪያ የምሁራን ጉባኤ የተጀመረው አሥር ዓመት ቆይቶ በ1979 ነው። በምሥራቅ ኒው ሜክሲኮ ደግሞ መምህሩ ቀደመ። አንጋፋው ደራሲ ጃክ ዊልያምሰን በ1964 ስለ ኤች. ጂ. ዌልስ ጽፎ ዶክትሬቱን ተቀበለ፤ እዚያው ሲያስተምር ኖሮ ከ1977 ጀምሮ በስሙ ዓመታዊ የንግግር መድረክ ተቋቋመለት። ስለዚህ በሩ አንድ ብቻ አይደለም። ከሁሉም የማስተውለው ግን በሐኪሙም፣ በደራሲውም፣ በተማሪዎቹም ታሪክ ውስጥ ቀድሞ የተገኘው ነገሩን የሚወድ ሰው መሆኑን ነው፤ ሥርዓተ ትምህርት ቀራጩ የደረሰው ዘግይቶ ነው።

አጊኮንም እንደ ስሙ ኮከብ ደምቆ ደብዝዟል። ከ2009 እስከ 2012 የተማሪዎች ማእከሉ ለእድሳት ሲዘጋ ጉባኤው ከለመደው ቤት ወጥቶ ሌላ ቦታ መፈለግ ግድ ሆነበት። የጃፓን የካርቱን ፊልም፣ የኮምፒዩተርና የገበታ ጨዋታ፣ አልባሳት በየጊዜው ሰፊ ቦታ እየያዙ ሄዱ፤ ለትርፍ የሚዘጋጁ ግዙፍ ትርዒቶችም በየከተማው ስለ በዙ የተማሪ ድግስ ከእነርሱ ጋር መፎካከር አልተቻለውም። መጽሐፍ በገዛ ቤቱ እንግዳ መሆኑ እንደ ሥነ ጽሑፍ መምህር ቅር ያሰኘኛል። ይሁን እንጂ ያለፈውን ጉባኤ ስም፣ ፕሮግራምና ደብዳቤ የሚይዝ ቤተ መጻሕፍት በአጠገቡ አለ። ነገ ጉባኤው ጨርሶ ቢቀር እንኳ እንደ ነበረ የሚመሰክር ወረቀት ይኖራል።

እኛስ? በ1950ዎቹ ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይካሄድ የነበረውን የኮሌጅ ቀን የግጥም ውድድር የማያውቅ የዚህ መጽሔት አንባቢ የለም። የታምሩ ፈይሳ «ደሃው ይናገራል» በ1953 ዓ.ም. በዚያ መድረክ ላይ ሲነበብ የተማሪው ንቅናቄ ታሪክ አንድ ምዕራፍ ተከፈተ እንላለን። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን የመሰለ ጠባቂ ቤት ስላለን ከዚያ ዘመን ጽሑፍ ጥቂት የማይባለው ተርፎልናል። እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ዝነኛ ያልሆነው፣ አንድ ምሽት ተነቦ የቀረው።

እኔ በተማርሁበት ግቢ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አንድ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ነበረን። ሐሙስ ሐሙስ ማታ እንሰበሰባለን፤ የተነበበውን ሁሉ ጸሐፊያችን በካርቶን ውስጥ ያስቀምጠዋል። ካርቶኑ የዋለው ከአንድ አሮጌ ጠረጴዛ ሥር ነው። ክረምት አልፎ ስንመለስ ክፍሉ ለሌላ ሥራ ተሰጥቷል፤ ካርቶኑ የለም። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ የማንም ኀላፊነት ስላልነበረ ብቻ ጠፋ። ከጥቂት ወራት በኋላ ከግቢው በር ላይ ኦቾሎኒ ገዛሁ። የተጠቀለለበትን ወረቀት ስፈታው የክፍል ጓደኛዬን የእጅ ጽሕፈት አወቅሁት። የአንድ አጭር ልቦለድ ሦስተኛ ገጽ ነበር፤ አዲስ አበባ ውኃዋ ደርቆ ሕዝቧ ወደ እንጦጦ ዋሻዎች ስለ ገባበት ዘመን የተጻፈ። ያን ጊዜ «የሳይንስ ልቦለድ» ብለን አልጠራነውም፤ «የእርሱ ቅዠት» እያልን እንስቅበት ነበር። ወደ ሴትዮዋ ተመልሼ ሌላውን ገጽ ጠየቅሁ፤ «ጠዋት አልቋል፣ ልጄ» አሉኝ። ያችን አንድ ገጽ እስከ ዛሬ አስቀምጫታለሁ፤ ዘይት ነክቷታል።

ርእሱ የተከለከለበት ተማሪ ከተመረቀ በኋላ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። ባለፈው ዓመት ሊጠይቀኝ መጥቶ አንድ ባለ መቶ ገጽ ደብተር አስቀመጠልኝ። ጥናቱ ቢቀርም ፍለጋውን አልተወውም ነበር፤ ያገኛቸውን የአማርኛ የሳይንስ ልቦለዶች በሙሉ ከነርእሳቸው፣ ከነደራሲያቸው፣ ከወጡበት ጋዜጣ ቀንና ገጽ ጋር በሠንጠረዥ ዘርዝሯቸዋል። ሆልን አያውቀውም፤ ስነግረው ሳቀ። በአንዳንዶቹ ርእሶች አንጻር ሰው ሲያወራቸው የሰማ ቢሆንም ጽሑፉን ስላላገኘው «አልተገኘም» ብሎ በእርሳስ ጽፏል። ደብተሩ አሁን ከጠረጴዛዬ ላይ ነው፤ በየሳምንቱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሁለት ተማሪዎቼ ወደ አሮጌ ጋዜጣ ክፍል ይዘውት ይሄዳሉ። ባለፈው ወር ከእነዚያ የእርሳስ ጽሑፎች አንዱን በላጲስ አጥፍተናል።